የሚሸከሙትን ማን ይሸከማቸዋል?

በአጥቢያዎ ችግረኛ ልጆችን የሚረዳ ፕሮጀክት ካለ፣ ለሠራተኞቹ የጸለዩት መቼ ነው? ለልጆቹ ዘወትር እንጸልያለን። ሠራተኞቹን የምናስታውሳቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሪፖርት ሲዘገይ ነው።

ወላይታን እንመልከት። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ በመሆኑ ከቦሎሶ ሶሬ፣ ከዳሞት ጋሌና ከሁምቦ ብዙ ልጆች ወደ ሶዶ፣ ከዚያም ወደ ሐዋሳና አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ወንዶቹ ሊስትሮ ይሆናሉ ወይም ሎተሪ ያዞራሉ፤ ሴቶቹ በደላላ በኩል ሰው ቤት ይቀጠራሉ። ለጊፋታ በዓል የመጡ ታላላቆቻቸውን ተከትለው የሚወጡም አሉ። እነዚህን ልጆች ከጎዳና አንሥቶ ከቤተሰብ ጋር ለማገናኘት፣ በኋላ ከሆፕ ፎር ጀስቲስ ጋር የተዋሐደው ሪትራክ በወላይታ ሶዶ ሠርቷል፤ አብያተ ክርስቲያናትም በየፕሮጀክታቸው ይደክማሉ።

አሁን አንዲትን ማኅበራዊ ሠራተኛ ያስቡ። ጠዋት አንዲት ልጅ የደረሰባትን ጥቃት እያለቀሰች ትነግራታለች። ከሰዓት በኋላ ገጠር ወርዳ የሌላውን ልጅ አባት ታግባባለች። ማታ የሰማችው ነገር እንቅልፍ ይነሣታል። ተመራማሪው ቻርለስ ፊግሊ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ከርኅራኄ የሚመጣ ዝለት ብሎታል፤ የሌላው ቁስል በሰሚውም ላይ ያርፋል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ከሥራ ጫና የሚመጣውን መዛል በሦስት ምልክቶች ገልጾታል፦ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ የሥራ ፍሬ መቀነስ። በሽታ ብሎ ግን አልመደበውም።

እኛስ ምን እንላለን? «የጸሎት ሕይወቷ ቀዝቅዟል!» አንዳንዴ እውነት ይሆናል። ነገር ግን ኤልያስ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ ደግሞም ተኛ (1ኛ ነገ. 19)። ዮቶርም ሙሴን ሥራውን እንዲያካፍል መከረው (ዘጸ. 18)።

በሠራተኞች ደኅንነት ላይ የሚሰጥ ሥልጠናም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሠራተኞች የመዛልን ምልክት በራሳቸውና በባልደረባቸው ላይ መለየትን፣ ከባድ ጉዳዮችን መከፋፈልን፣ የሰሙትንም የልጁን ማንነት ሳይገልጡ ለኃላፊያቸው መናገርን ይማራሉ። ይህ ለልጆቹም ጉዳይ ነው። ልቧ የደነዘዘ ሠራተኛ የአደጋ ምልክት ያመልጣታል፤ ሥራ ስትለቅ ደግሞ አንድ ጊዜ የተተወው ልጅ ዳግመኛ እንደ ተተወ ይቆጥረዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ የአንድ ቀን ሥልጠና፣ ሻይና ሰርተፊኬት ብቻውን አይበቃም። ስትመለስ የሚጠብቃት ያው የልጆች ብዛት ከሆነ ምን ተለወጠ? ብዙዎቹ እሑድም የሰንበት ትምህርት አስተማሪና መዘምራን ናቸው፤ ታዲያ የሚያርፉት መቼ ነው?

ሽማግሌ ወይም የፕሮጀክት ኮሚቴ አባል ከሆኑ፣ አንድ ሠራተኛ ስንት ልጆች እንደ ያዘች ይጠይቁ። በየሳምንቱ አንድ ሰዓት፣ ስለ ሪፖርት ሳይሆን ስለ ራሷ የሚሰማት ሰው ይመድቡላት። የዓመት ፈቃዷንም አያስተላልፉባት። የልጅን ምሥጢር ግን «የጸሎት ርእስ» አድርገው በጉባኤ ፊት አያውጡት፤ ይህ ስሕተት በየዋህነት ይፈጸማል። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣች ወይም መኖርን የጠላች ካለች፣ እየጸለዩላት የሥነ አእምሮ ሕክምና ወዳለበት ለምሳሌ ወደ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አብረዋት ይሂዱ። ብቻዋን አይላኳት።