ጁዶ ልትጀምሩ ነው? መጀመሪያ እጅ መስጠት ተማሩ

ሰሞኑን ከባቲ አንድ ወጣት በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «አሰላሙ ዓለይኩም ዶክተር፣ ከጓደኞቼ ጋር ጁዶ ልንጀምር ነው። ቅዳሜ የመጀመሪያ ቀናችን ነው። ፑሽአፕ 40 እሠራለሁ፣ ይበቃል? ሌላ ምን ልዘጋጅ?»

ወዓለይኩም ሰላም ወንድሜ። ፑሽአፑ ይበቃል፤ 10 ብትሠራም ያስገቡሃል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ለብዙዎቻችሁ ስለሚጠቅም መልሱን እዚህ ልጻፈው።

ትግል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ሁሉ ታግሏል፤ ከባህላዊ ስፖርቶቻችንም አንዱ ነው። እኛ በምናውቀው ትግል ግን ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ፣ አለቀ። ጁዶ ላይ (ጁጂትሱ ላይማ ይብሳል) ከወደቃችሁ በኋላም ይቀጥላል፤ ክርን ወደማይታጠፍበት አቅጣጫ ይገፋል፣ አንገት ይታነቃል። እናንተ የምታስቆሙት የያዛችሁን ሰው ወይም ምንጣፉን በመዳፍ ሁለት ሦስቴ መታ መታ በማድረግ ነው። ልጆቹ «ታፕ» ይሉታል። እጃችሁ ከተያዘ በእግር፣ እግርም ካልተመቸ በአፍ «በቃ!» በሉ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። በእኛ አገር እጅ መስጠት ነውር ነው። ጓደኛ እያየ፣ ስልክ እየቀረጸ ማን እጅ ይሰጣል? ክርን ግን ይሄ አይገባውም። መገጣጠሚያውን የሚይዙት ጅማቶች ማመም ከጀመሩ በኋላ ብዙ አይሳቡም፤ «ትንሽ ልቻለው» ባላችሁባት ሁለት ሰከንድ ይበጠሳሉ፣ ለመዳን ደግሞ ወራት ይፈጃሉ። አንገት ላይ የባሰ ነው። ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ሥሮች ከተጫኑ ሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ራሱን ይስታል፣ ብዙ ጊዜም ምንም ሳያመው። ስለዚህ ሕመሙን አትጠብቁ፣ እንደተያዛችሁ ሲገባችሁ ምቱ። በመጀመሪያው ቀን ጀማሪን በጀማሪ የሚያሳንቅ አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ ደግሞ ቦርሳችሁን አንሱ።

ደህና አሰልጣኝ የሚጀምረው አወዳደቅ በማስተማር ነው። አገጭ ወደ ደረት፣ ጭንቅላት መሬት ሳይነካ፣ በክንድ ምንጣፉን መትቶ መውደቅ። ሰው ሲወድቅ በደመ ነፍስ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሊደገፍ ይሞክራል፤ የእጅ አንጓና የደረት ማገር አጥንት የሚሰበረውም እንደዚያ ነው። ጁዶን ጂጎሮ ካኖ ጃፓን ውስጥ ከመሠረተው ከ1882 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ተለውጧል (አበበ ቢቂላ ሁለተኛ የማራቶን ወርቁን ባገኘበት በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ነው ጁዶ ኦሎምፒክ የገባው)፣ መውደቅን መማር ግን ዛሬም ፊደሉ ነው። ወለሉንም እዩ። ሲሚንቶ ላይ ሸራ ወይም ሰሌን ብቻ ከተነጠፈ መጣጣል የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ ልምጣ። ኢንተርን ሳለሁ፣ ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት አንድ የ17 ዓመት ልጅ አመጡልን። ከጓደኛው ጋር ሲታገል ክንዱ ተሰብሮ፣ ቤተሰቡ ወጌሻ ጋ ወስዶት፣ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ሌሊቱን ሙሉ አመመኝ እያለ ሲጮህ «ቻለው፣ አጥንቱ እየገጠመ ነው» አሉት። በሦስተኛው ቀን እኛ ጋ ሲደርስ ጣቶቹ ጠቁረዋል። ስብራቱ ቀላል ነበር፣ በጄሶ የሚድን። እጁን ግን ማትረፍ አልተቻለም።

የሆነው ይሄ ነው። የተሰበረ ወይም የወለቀ ቦታ ያብጣል። ማሰሪያው አይለጠጥም፤ እብጠቱ መሄጃ ሲያጣ የደም ሥሮቹን ይጫናል። ደም የተቋረጠበት ጡንቻ በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ መሞት ይጀምራል። ሦስት ቀን ማለት እንግዲህ አስቡት። ወጌሻን ልሳደብ አይደለም፤ አያቶቻችንን ያሹ፣ የሚከበሩ ሰዎች ናቸው። ግን ራጅ ሳይታይ ክንድ አይታሰር፣ አይጎተት።

የታሰረ ሰው እየዋለ ሲያድር ሕመሙ መቀነስ አለበት። ከጨመረ፣ በተለይ ሌላ ሰው ጣቶቹን ቀና ሲያደርግለት የሚጮህ ከሆነ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከገረጡ፣ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ። ጥፍሩን ተጫኑና ልቀቁት፤ በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ካልተመለሰ ደም እየደረሰ አይደለም። «ሲነጋ» አትበሉ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት።

ምንጣፉ ላይ አንድ ሰው ክርኑ ወይም ትከሻው ቢወልቅ ጓደኛ እንዳይጎትተው። ባለበት ሁኔታ በሽርጥ ወይም በሻርፕ ከአንገቱ ላይ አንጠልጥላችሁ ይዛችሁት ሂዱ። አንገቱን ያመመው ወይም እጅ እግሩ የደነዘዘው ሰው ከሆነ ግን አታንሱት፣ አታስቀምጡት፤ ጭንቅላቱን ሳይነቃነቅ ይዛችሁ እርዳታ ጥሩ። ከቅዳሜ በፊት አንድ ነገር ተስማሙ፤ ሰው ቢጎዳ ወዴት፣ በማን ባጃጅ፣ በማን ብር?

ቆዳችሁን ደግሞ እዩ። ትግል ላይ ቆዳ ከቆዳ ይፋተጋል። ጭርት ፈንገስ ነው፤ ክብ ሆኖ ዳር ዳሩ ቀላ ይልና ያሳክካል። ፋርማሲ ገብታችሁ «የሚያሳክክ ቅባት» ስትሉ ቤታሜታዞን ወይም ሌላ ስቴሮይድ ብቻ ያለበት እንዳይሰጣችሁ። መቅላቱን ለጥቂት ቀን ያጠፋዋል፣ ፈንገሱ ግን ከሥር ይሰፋል። በአሜሪካ የኮሌጅ ትግል ሕግ ጭርት ያለበት ተጫዋች ቢያንስ 72 ሰዓት መድኃኒት ሳይቀባ አይገባም። እከክን በ2008ቱ ድርቅ ጊዜ በክልላችን ብዙ ሰው አይቶታል፤ በጣቶች መሃል፣ ሌሊት ሌሊት የሚብስ ማሳከክ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ምልክቱ እስኪታይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ ስለዚህ አንዱ ላይ ከታየ አብረውት የሚኖሩት ሁሉ በአንድ ቀን ይታከሙ። ከንፈር ዳር ውሃ ሲቋጥር ደግሞ «ምች መታኝ» ብለን ዳማከሴ እናሻለን አይደል? ሄርፐስ የሚባል ቫይረስ ነው፣ ፊት ለፊት ሲፋተጉ ይተላለፋል፣ ዓይን ከገባም ዓይን ያቆስላል። ቅርፊቱ ደርቆ እስኪረግፍ እቤት ቆዩ።

ቁስል ክፍት ከሆነ ሸፍኑት። የጉበት ቫይረስ ቢ በደም ይተላለፋል፣ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ላይ እንኳ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። አገራችን ለሕፃናት ክትባቱን የጀመረችው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ ምናልባት አልተከተባችሁም፣ ተመርምራችሁ ተከተቡ።

ባቲ ቆላ ናት፣ ወባ አለ። በቅርብ ወባ ታማችሁ ከሆነ ጣፊያችሁ አብጦ ሊሆን ይችላል። ያበጠ ጣፊያ ላይ ሰው ሲወድቅ ይፈነዳል፣ ደሙም ወደ ውስጥ ስለሚፈስ አይታይም። ሐኪም ሆዳችሁን ዳስሶ «ተመልሷል» ሳይላችሁ አትታገሉ። ለልብ በሽታ በየወሩ መርፌ የምትወጉ፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ የሚጥል በሽታ ያለባችሁ፣ ስፖርት ስትሠሩ ራሳችሁን ስታችሁ የምታውቁ፣ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አናግሩ።

የቀረው ቀላል ነው። ጥፍር በአጭሩ ይቆረጥ። ቀለበት፣ ሰዓት፣ የጆሮ ጌጥ ይውለቅ። ማተብ ወይም ክታብ ያሰራችሁ ከልብስ ሥር በፕላስተር አጣብቁት። ሂጃብ የምታደርጉ እህቶች በስፒል አትያዙት። ምግብ ከ2 ሰዓት በፊት፣ ውሃ በደንብ። በረመዳን ከሆነ ካፈጠራችሁ አንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ይሁን። ከምርቃና ላይ ተነስታችሁ ግን አትምጡ። ኧረ ስለ ጫት ልሰብካችሁ አይደለም፤ ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ ጥማትና ድካምን ይደብቃል፤ በባቲ ሙቀት ላይ ይሄ ሲታከል ሰው ይጥላል።

ቅዳሜ ማታ ሰውነትህ ይዝላል፣ እሑድ ይብሳል። ሰኞ ገበያ ስትወጣ ደረጃ መውረድ ቢያቅትህ አትደንግጥ፣ በጥቂት ቀን ይለቅሃል። ሽንትህ እንደ ኮካ ከጠቆረ ግን የተጎዳ ጡንቻ ወደ ደምህ እየገባ ኩላሊትህን እያስቸገረ ነው ማለት ነው፤ ውሃ እየጠጣህ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂድ፣ ስትደርስም ቅዳሜ ጁዶ እንደጀመርክ ንገራቸው።