«አይ አም ሀንገር» ያልኩ ቀን

ዛሬ የምጽፍላችሁ በራሴ ላይ ስለደረሰ ነገር ነው። ባለፈው ሴሚስተር የእንግሊዝኛ ቲቸራችን «ለምን ታዛጋለህ?» ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። ቁርስ አልበላሁም ነበርና ተነስቼ «አይ አም ሀንገር» አልኳቸው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ሀንገር» ሆነ፤ እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ እጄን አላወጣሁም።

በኋላ ስታፍ ድረስ ሄጄ ቲቸርን ጠየቅኳቸው። ለካ «ሀንገር» ስም ነው፣ ረሃብ ማለት ነው። እኔ «ረሃብ ነኝ» ብዬ ኖሯል! የተራበን ሰው የሚገልጸው ቅጽል «ሀንግሪ» ነው። እንደኔ እንደኔ የምንሳሳተው በአማርኛ «ራበኝ» ስለምንል ነው። «ራበኝ» ግስ ስለሆነ ስም ይሁን ቅጽል ብለን አንጨነቅም። እንግሊዝኛ ግን «አይ አም» ካልን በኋላ ያለንበትን ሁኔታ የሚናገር ቅጽል ይፈልጋል። «አይ አም ኤ ስቱደንት» ስንልስ? እዚህ ላይ ስም መጣ፣ ምክንያቱም እውነትም ተማሪ ነን። ረሃብ ግን አይደለንም።

«ተርስት» ጥማት ነው፣ «ተርስቲ» የተጠማ። «አንገር» ቁጣ፣ «አንግሪ» የተቆጣ። ስትጽፉ ተጠንቀቁ፦ «ሀንገር» እና «አንገር» መጨረሻቸው ላይ «ዋይ» ሲጨመር «ኢ» የምትባለዋ ፊደል ትወድቃለች፤ ከ«ተርስት» ግን ምንም አይወድቅም።

ደስ ያለኝ ነገር ደግሞ የኛም ቋንቋ እንዲህ ማድረጉ ነው። ደመና ደመናማ ይሆናል፣ «ክላውድ» ደግሞ «ክላውዲ»። ዝናብ ዝናባማ፣ «ሬይን» «ሬይኒ»። በተገላቢጦሽም አለ። ደግ ከሚለው ቅጽል ደግነት እንደሚወጣ፣ ከ«ካይንድ» «ካይንድነስ» ይወጣል። «ነስ» የኛን «ነት» ትመስላለች አይደል? «ሃፒ» «ሃፒነስ» ሲሆን ግን «ዋይ» ወደ «አይ» ይቀየራል።

አስቸጋሪዎቹ ውስጣቸው የሚለወጠው ናቸው። «ሆት» ትኩስ ነው፣ ሙቀት ግን «ሂት»። «ሎንግ» ረጅም፣ ርዝመት «ሌንግዝ»። እነዚህን እኔ ደብተሬ ጀርባ ላይ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ጽፌ ነው የያዝኳቸው።

አሁን እጄን አወጣለሁ። ስሙ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ቢያንስ «ሀንግሪ» በሉኝ ብያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ሂ ሃዝ ስትሮንግ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ስህተቱ ምንድን ነው? መልሱን ከነምክንያቱ ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላት ስጡ።