የእነሱን ገና አየን፤ የእኛን ገናስ ማን ያጫውተን?

የገና ሰሞን የአዲስ አበባ የኳስ አፍቃሪ የት እንደሚገኝ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ዶሮው ይበላል፣ ጠላው ይቀመሳል፣ ቡናው በረካ ሳይደርስ ከቤት ሹልክ ይባላል። ወዴት? ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ነዋ! እኔም ከዚሁ ሕዝብ አንዱ ስለሆንኩ ማንንም ለመውቀስ አልተነሣሁም። ግን አንድ ነገር ስላጋጠመኝ ላጫውታችሁ።

ጊዜው የ2015 ዓ.ም. ገና ነው። በዓሉ ቅዳሜ ዋለ፤ ቅዳሜው ደግሞ የእንግሊዝ ኤፍኤ ካፕ ሦስተኛ ዙር የሚካሄድበት ነበር። ከቀኑ 9፡30 ላይ ቶተንሃም ከፖርትስማውዝ፣ ማታ ደግሞ ሊቨርፑል ከዎልቭስ። የዘጠኝ ዓመቱ የእህቴ ልጅ ካልወሰድከኝ ብሎ ስላለቀሰ ይዤው ወጣሁ። ሀሪ ኬን አግብቶ ቶተንሃም 1ለ0 አሸነፈ፤ እኛም ወደ ቤት መመለስ ጀመርን። በራችን ላይ አንድ የሰፈራችን አዛውንት ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። በእጃቸው ጫፉ ቆልመም ያለ አሮጌ ዱላ ይዘዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ዱላ ለምንድነው የተጣመመው?» አላቸው ልጁ።

«ይሄማ ገና ነው!» አሉት።

«ገናማ ዛሬ ነው!» ብሎ መለሰላቸው።

እሳቸው ሳቁ፣ እኔ ግን አፈርኩ። ለምን? የቶተንሃምን አሰላለፍ በቃሉ የሚያውቀው ይሄ ልጅ ገና የጨዋታ ስም መሆኑን አያውቅም። እውነቱን ልናገርና እኔም ከስሙ በቀር ብዙ አላውቅም ነበር። የስፖርት ጋዜጠኛ ነኝ እያልኩ!

የእንግሊዞቹ ገና

የእንግሊዞቹን ገና ግን እናውቀዋለን። የኛ ገና ሊደርስ 12 ቀን ሲቀረው ቦክሲንግ ዴይ አለ። ጀርመኖች ተጫዋቾቻቸውን ለእረፍት ሲበትኑ እንግሊዞች ኳሳቸውን ያጧጡፋሉ። ድሮማ በራሱ በገና ዕለትም ይጫወቱ ነበር፤ ይሄ ልማድ የቀረው በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 1963 በተካሄዱት 10 የአንደኛ ዲቪዚዮን ጨዋታዎች 66 ጎል ተቆጥሯል! ፉልሃም ኢፕስዊችን 10ለ1 ሲያደባየው ማንቸስተር ዩናይትድ በበርንሌይ 6ለ1 ተቀጥቷል። ማን ያውቃል፣ ተከላካዮቹ የበዓሉ ድግስ አልለቀቃቸው ይሆናል።

ይህ ልማድ እንግሊዝ ውስጥ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። አባት ልጁን እጁን ይዞ፣ ሻርፕ አልብሶ በቅርቡ ወዳለው ስታዲየም ይወስደዋል። ልጁም ክለቡን የሚወርሰው ከአባቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በቦክሲንግ ዴይ አንድ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ብቻ እንደሚካሄድ ሲነገር ደጋፊው የተቆጣውም ለዚህ ይመስለኛል። በዓላችንን ነካችሁብን ነው ነገሩ። እንግሊዞቹ ለአንድ ቀን ጨዋታ እንዲህ ከተቆጡ፣ እኛ የበዓሉን ስም የያዘው ጨዋታ ከሰፈራችን ሲጠፋ ምን አልን?

የእኛው ገና

ያን ዕለት ማምሻውን ከአዛውንቱ አጠገብ ተቀምጬ ያልተማርኩትን ተማርኩ። የጨዋታው ዕቃ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው ጫፉ የታጠፈው ዱላ፣ ማለትም ገናው ነው። ሁለተኛው ከእንጨት ተድቦልቡሎ ወይም ከጠፍር ተጠቅልሎ የሚሠራው ሩር ነው፤ ጥንግ የሚሉትም አሉ። ሁለት ቡድን ይከፈላል፣ ሁለት ግብ ይለያል፣ ከዚያ ሩሯን በዱላ እየመቱ ከተጋጣሚ ግብ ማሳለፍ ነው። ለሆኪ ቅርብ ነው፤ ግን እንደ ሆኪ 11 ለ 11 የሚል ገደብ የለውም። የመጣ ሁሉ ይገባል፤ መንደር ከመንደር ይገጥማል። ሜዳውም ኖራ አይሰመርበትም።

በገጠሩ ጨዋታ ግብ ከግብ ኪሎ ሜትሮች የሚራራቅበት ጊዜ አለ። እስቲ አስቡት፣ ይሄን ያህል ርቀት ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ የዋለ ልጅ ምን ዓይነት ሳንባ ይኖረዋል? ሻምበል አበበ ቢቂላ በልጅነቱ ገና ይጫወት እንደነበር በሕይወት ታሪኩ ተጽፏል። ማራቶኑን ያሸነፈው በገና ጨዋታ ነው እያልኩ አይደለም። ግን በሮም በባዶ እግሩ፣ በቶኪዮ ደግሞ ጫማ አድርጎ ዓለምን ያስገረመው ሰው መጀመሪያ የሮጠው ሩር ተከትሎ ሊሆን ይችላል ብዬ ሳስብ ደስ ይለኛል።

ጨዋታው ለምን በገና እንደሚካሄድም በአፈ ታሪክ ይነገራል። እረኞቹ የክርስቶስን መወለድ ሲሰሙ ከደስታቸው ብዛት በያዙት ዱላ ተጫወቱ ይባላል። ሌላም ነገር አለ። በዚህ ቀን ጌታና ሎሌ ተቀላቅለው ይጫወታሉ፤ ሎሌው ጌታውን ቢያስቸግረው፣ ቢገፋው፣ ቅልጥሙን በዱላ ቢነካው እንኳ ጌታው አይቆጣም። ሲመሽ አሸናፊው ተሸናፊውን በግጥም እየነካካ ይጨፍርበታል። ተሸናፊው ምን ያደርጋል? ይስቃል፤ ለከርሞ ይዘጋጃል።

ይቺን ነገር ዲኤስቲቪ ቤት ብንወስዳት! በሰው ሀገር ክለብ ምክንያት ጓደኛሞች ሲኮራረፉ፣ ብርጭቆ ሲወረወር ያላየ ማን አለ? የአርሰናልና የማንቸስተር ደጋፊ ከጨዋታ በኋላ ለሳምንት የማይነጋገርበት ሰፈር አውቃለሁ። አባቶቻችን ግን መሸነፍን በበዓል ቀን፣ በሳቅ ይማሩ ነበር። ከዚህ የበለጠ የስፖርት ትምህርት ከየት ይመጣል?

ከገና ማግስት የመጣው ዋንጫ

ሌላም የዚህ ሰሞን ታሪክ አለን። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ የተካሄደው በገናና በጥምቀት ሰሞን ነው። ገና ባለፈ በሳምንቱ፣ ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም. ቱኒዚያን 4ለ2 አሸነፍን። ከጥምቀት በሁለተኛው ቀን፣ ጥር 13 ደግሞ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4ለ2 ረትተን ዋንጫውን ወሰድን። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ከኮከቦቹ አንዱ መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዋንጫው ወደ ቤታችን አልተመለሰም። ታዲያ ስንቶቻችን ነን ጥር 13ን ለልጆቻችን የነገርናቸው? የኢስታንቡሉን የሊቨርፑል ፍጻሜ ግን ደቂቃ በደቂቃ እናወራላቸዋለን።

በዓሉን እንዴት እናሳልፍ?

እንግዲህ ወቀሳው ይብቃን። ብር የማይጠይቁ፣ ልጅንም አዋቂንም የሚያዝናኑና የሚያስተምሩ ጥቂት ነገሮች ልጠቁም።

አንደኛ፣ ገና እንጫወት። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የእንጨት ሩር መምታት ግን አይሆንም፤ መስኮትም ጥርስም ይሰብራል። የሰፈራችን የካልሲ ኳስ አለች አይደል? ጨርቅ ጠቅጥቆ ጠበቅ አድርጎ መስፋት፣ ቀለል ያለ ዱላ መፈለግ፣ ከዚያ አንድ ሕግ ማውጣት ነው፤ ዱላ ከጉልበት በላይ አይነሣም። ኳሷን ልጆቹ ራሳቸው ይሥሯት። ከሱቅ የሚገዛ መጫወቻ የማያስተምረውን በመርፌና በክር ይማራሉ።

ሁለተኛ፣ ገበጣ። መሬት ላይ በሁለት ወይም በሦስት ረድፍ ጉድጓድ መቆፈርና ጠጠር መልቀም ብቻ ነው። ልጁ ሳያውቀው መደመርና መቀነስ ይማራል፤ ተጋጣሚው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ማስላትም ይለምዳል። ጥሩ አማካይ ከዚህ ሌላ ምን ይሠራል?

ሦስተኛ፣ ልጆቹን ይዘን ጃንሜዳን እንጎብኝ። የገና ጨዋታ፣ የጥምቀት በዓልና የአገር አቋራጭ ውድድር ሁሉ የሚታወቁት እዚያ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃንሜዳ መዛወሩን ታስታውሳላችሁ። ለ2013ቱ ጥምቀት እስኪነሣና እስኪጸዳ ድረስ ቲማቲምና ሽንኩርት የተደረደረው ሩር የተመታበት መሬት ላይ ነበር። ሜዳ ካልተጫወቱበት ለሌላ ነገር ይፈለጋል። ባለቤት እንዳለው የሚታወቀው ልጆች ሲሮጡበት ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ለቲፎዞዎች ነው። ጨዋታ እስኪጀምር የጥያቄና መልስ ውድድር እናድርግ። ግማሹ ጥያቄ ስለ አውሮፓ፣ ግማሹ ስለ እኛ ይሁን። በ1954ቱ ፍጻሜ ስንት ለስንት አሸነፍን? የተሸነፈ ቡና ይጋብዛል፤ መኮራረፍ ክልክል ነው!

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። ዳር ዳሩን ሲል የነበረው ልጅ በማግስቱ እሑድ የአዛውንቱን ዱላ ተውሶ ከስድስት ልጆች ጋር ግቢውን አተራመሰው። እኔም ገባሁ። ቅልጥሜን አንድ ሁለት ጊዜ ቀመስኩ፤ መቆጣት ስለማይቻል ሳቅሁ። ስንት ለስንት እንዳለቀ የሚያስታውስ የለም። ጋሼ ግን ከተቀመጡበት ሆነው «ዱላውን ዝቅ! ዝቅ!» እያሉ እንደ አሠልጣኝ ሲጮሁ ዋሉ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ዛሬ እንዲህ ያሉ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ፤ ነገ ግን ላይኖሩ ይችላሉ። ሕጉን፣ ቀልዱን፣ የዱላውን አመራረጥ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሳንጠይቃቸው ካመለጡን በኋላ የሚደግምልን የለም።

ዲኤስቲቪው ይቅር አላልኩም፤ እኔም አልቀርም። ግን ለእነሱ ኳስ 90 ደቂቃ ከሰጠን ለእኛው ገና እኩሌታውን፣ 45 ደቂቃ እንኳ እንስጥ። የሰፈራችሁን አዛውንት ጠይቁ፣ ልጆቹን ሰብስቡ፣ ዱላውን ዝቅ አድርጉ።

መልካም የገና በዓል!