የጎንደርን ደጋ ውሃ የተከተሉ ባልና ሚስት

ጓንግ ከጭልጋ ወገን ተነስቶ ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል። ትልቁ አንገረብ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ካለው ደጋ ይመነጫል። ተከዜ ደግሞ የስሜንን ተራሮች ዞሮ ወደ ምዕራብ ይነጉዳል። ሦስቱም ሱዳን ውስጥ ተገናኝተው አትባራ በሚባለው ወንዝ ዓባይን ይቀላቀላሉ። እነዚህ ወንዞች ለግብፅ ምን እንደሚሠሩ በቦታው ተገኝተው ካጠኑት የውጭ ሰዎች መካከል ሳሙኤል ቤከርና ፍሎረንስ ዋነኞቹ ናቸው።

ሳሙኤል በ1821 እ.ኤ.አ. ለንደን የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። ፍሎረንስ የትራንሲልቫኒያ ልጅ ስትሆን በ1848ቱ አብዮት ወላጆቿን አጥታለች። የተገናኙት በ1859 ቪዲን በተባለችው የዳኑብ ዳር ከተማ ነው፤ እሷ ለባርነት ለገበያ ቀርባ ነበር፣ እሱም ከዚያ ይዟት ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። ሰርጋቸው በሕግ የጸናው ግን ከአፍሪካ ሲመለሱ፣ በ1865 ለንደን ላይ ነው።

በሚያዝያ 1861 ከካይሮ በባለ ሸራ ጀልባ ዓባይን ሽቅብ ጀመሩ። ኮሮስኮ ላይ ወርደው የኑቢያን በረሃ በግመል አቋረጡና በሰኔ አትባራ ደረሱ። ወንዙ ደርቋል። እዚህም እዚያም የቀሩት ጥልቅ ኩሬዎች ብቻ ናቸው፤ ዓሣው፣ አዞውና ጉማሬው በእነሱ ውስጥ ተጨናንቋል። ሰኔ 23 ሌሊት ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። በአሸዋው ላይ የተኙት ሰዎች እየጮኹ ወደ ዳር ሮጡ። ሲነጋ ሳሙኤል ያየው ወንዝ 450 ሜትር ያህል ስፋት፣ ከአምስት እስከ ስድስት ሜትር የሚደርስ ጥልቀት ነበረው። በሰፈሩበት አገር ጠብታ ዝናብ አልጣለም። ዝናቡ የጣለው እኛ ደጋ ላይ ነው።

ሳሙኤል ስለ እነዚህ ወንዞች ኋላ የጻፈው መጽሐፍ ልብ ይህ ሌሊት ነው ብዬ አምናለሁ። ሳሙኤል ከዚያ ተነስቶ አንድ ዓመት ሙሉ ወንዞቹን እየተከተለ ሄደ፤ አትባራን፣ ሰቲት የሚሉትን ተከዜን፣ አንገረብን፣ ሰላምን፣ ራሃድንና ዲንደርን አየ፤ መተማም ደረሰ። መደምደሚያውም ግልጽ ነበር፦ ዓባይን ዓመቱን ሙሉ የሚያኖሩት የምድር ወገብ ሐይቆች ናቸው፤ የክረምቱን ሙላትና ግብፅን የሠራውን ጥቁር አፈር የሚሰጡት ግን የኢትዮጵያ ወንዞች ናቸው። የኋላ ዘመን ልኬት አረጋግጦለታል። ግብፅ ይደርስ የነበረው ደለል ከሞላ ጎደል በሙሉ የጥቁር ዓባይና የአትባራ ነበር። ዛሬም ጉዳዩ አላለቀም፤ በ1964 አትባራ ላይ የተሠራው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ውሃ የመያዝ አቅሙን ግማሽ ያህል በደለል ተነጥቋል። ይህ ከወገራና ከአርማጭሆ ማሳዎች ጭምር ታጥቦ የሄደ አፈር ነው፤ ለእኛ ለደገኞቹ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ክረምቱን ሶፊ በተባለ ቦታ ከረሙ። ሙላቱን የተሻገሩት በብልሃት ነው፤ ትልቁን የመታጠቢያ ገንዳቸውንና አልጋቸውን፣ አየር ከተሞሉ አቁማዳዎች ጋር አስረው ታንኳ አደረጉት።

ከገባር ወንዞቹ በኋላ ፊታቸውን ወደ ምድር ወገብ ሐይቆች መልሰው፣ በታኅሣሥ 1862 ከካርቱም በሦስት ጀልባዎች፣ ዘጠና ስድስት ሰው ይዘው ነጭ ዓባይን ሽቅብ ወጡ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ጭካኔ የበዛበት ነው። ፍሎረንስ በፀሐይ ተመትታ ለቀናት ራሷን ስታ ስለነበር፣ አጃቢዎቹ መቃብሯን ለመቆፈር መሣሪያ እስከማዘጋጀት ደርሰው ነበር። ተረፈች። መጋቢት 14 ቀን 1864 አልበርት ብለው የሰየሙትን ሐይቅ አብረው አዩ፤ ከግንድ በተቦረቦረ ታንኳ ላይ የሳሙኤልን የሱፍ ኩታ ሸራ አድርገው ለአሥራ ሦስት ቀን ቀዘፉ።

ጉዞው በመጽሐፍ ወጣ። ስለ ሐይቁ የተጻፈው በ1866፣ ስለ ኢትዮጵያ ገባር ወንዞች የተጻፈው በ1867 ታተመ፤ ይኸኛው እንግሊዝ በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ጦር የምታዘጋጅበት ጊዜ ስለነበር አንባቢ አላጣም። የአደን ወሬ የበዛበት ነው፤ ስለ አካባቢው ሕዝቦች የሚናገረውም በዘመኑ ንቀት የተሞላ በመሆኑ ጥንቃቄ ይሻል። ስለ ውሃው፣ ስለ ዝናቡና ስለ አፈሩ የጻፈውን ግን የጎንደር የመሬት ጥበቃ ባለሙያ ሁሉ ቢያነበው እመኛለሁ።

ሳሙኤል በ1866 የ«ሰር» ማዕረግ ሲያገኝ፣ ፍሎረንስን ንግሥት ቪክቶሪያ ቤተ መንግሥት አላስገባቻትም፤ ሳይጋቡ አብረው ኖረዋል በሚል። ሆኖም እሷም ትጽፍ ነበር። ሳሙኤል በ1893፣ እሷ በ1916 ካረፉ በኋላ፣ በ1972 የግል ማስታወሻዋ ታተመ። የሚሸፍነው ግን ከ1870 እስከ 1873 የባሪያ ንግድን ለማስቆም ዳግም በነጭ ዓባይ የዘመቱበትን ጊዜ ነው። የአትባራንና የአንገረብን ዓመት የምናነበው በእሱ ብዕር ነው፤ እሷም በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በአብዛኛው «ባለቤቴ» እየተባለች ታልፋለች።