ሜዳ ነው ብለን አንናቀው

በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ በባሮና በጊሎ ወንዞች መካከል የተዘረጋ ሣራም ሜዳ ነው። ዳገት የለውም። ታዲያ ለእግረኛ ቀላል ነው? አዎን፣ ጊዜውን ላወቀ! ክረምት ሲገባ ውኃው መውረጃ አጥቶ ይተኛል፤ ጥቁሩ አፈር እግር ይይዛል፤ ሣሩም ከሰው ቁመት ይበልጣል። በበጋ መሬቱ ይደርቃል፤ ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። ስለዚህ እኛ ዕጩ መምህራን ነገ ተማሪዎቻችንን ይዘን ስንወጣ ማልደን እንነሣ፤ ውኃ እንያዝ፤ የፓርኩን ስካውት እናስቀድም። ከደቡብ ሱዳን የሚሻገረውን የነጭ ጆሮ ቆርኬ መንጋ ከሩቅ እንይ እንጂ አናባርር። አዞ አለና ወንዝ ዳር አንቁም። መንገዱ ቀላል ነበር የምንለው ልጆቹን ቆጥረን ወስደን፣ ቆጥረን ስንመልስ ነው!