ሞተሩ ሲቆም ፓምፑም ይቁም

ቤቴል ውስጥ ካርቡሬተር ባላቸው አሮጌ ኮሮላዎች ላይ የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፕ ተገጥሞ እናያለን። ፓምፑ በቀጥታ ከቁልፉ መስመር ከተገናኘ፣ መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ቢጠፋም ቁልፉ እስኪዘጋ ቤንዚን ይገፋል። ቱቦው ከተበጠሰ እሳት ነው።

መፍትሔው የሞተር ዙር የሚቆጥር ስዊች ነው። ምልክቱን ከኢግኒሽን ኮይሉ ነጋቲቭ ይወስዳል። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 900 ዙር ሲዞር በሰከንድ 30 ብልጭታ ይሰጣል፤ ብልጭታው ሲቋረጥ ስዊቹ ሪሌውን ይለቃል። የፓምፑን ከረንት የሚሸከመው ሪሌው እንጂ ስዊቹ አይደለም፦ 30 በፊውዝ በኩል ከባትሪ፣ 87 ከፓምፑ፣ 86 ከቁልፉ፣ 85 ከስዊቹ መውጫ።

ስታርተር ሞተሩን የሚያዞረው በደቂቃ 200 ዙር አካባቢ ስለሆነ ስዊቹ ከዚያ በታች ይስተካከል፤ አለዚያ ካርቡሬተሩ ባዶ ሲሆን መኪናው አይነሳም። ፊውዙን «ለጊዜው» በሽቦ የሚተኩ አሉ፤ እኛ አንስማማም።