የተሰረዘ ሁሉ አልጠፋም

ጎተራ ያለው ሰው ሁሉ በመዝገቡ ላይ የተጻፈውና በጎተራው ውስጥ ያለው እህል የተስማማ መሆኑን ዘወትር ሊመረምር ይገባዋል። ጸሐፊው የእህሉን ስም ከመዝገቡ ሰርዞ፥ እህሉ ግን ሳይወጣ ቢቀር፥ መዝገቡ ጎተራው ባዶ ነው ይላል፤ ጎተራው ግን እንደ ሞላ ነው። አዲስ እህል ጭኖ የመጣውም ሰው ስፍራ አጥቶ ይመለሳል። ይህን የመሰለው ነገር ዛሬ በኮምፒዩተር ሥራ ውስጥ፥ ይልቁንም ቨርቹዋል ማሽን በሚባለው ዘንድ፥ በየዕለቱ የሚታይ ስለ ሆነ፥ ምክንያቱንና መድኃኒቱን ለይቶ ማወቅ የተገባ ነው።

ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ እውነተኛ ኮምፒዩተር ውስጥ በፕሮግራም ኃይል የሚሠራ ሌላ ኮምፒዩተር ማለት ነው። እውነተኛው አስተናጋጅ፥ በውስጡ ያለው ደግሞ እንግዳ ይባላል። ሐሳቡ የትናንት አይደለም። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፥ ካምብሪጅ በሚባለው በማሳቹሴትስ ከተማ በነበረው የምርምር ጣቢያው ይህን ሥራ የጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ነው። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ ቪ.ኤም. 370 የተባለውን ሥርዐት ለደንበኞቹ አቀረበ። በዚያ ዘመን የኮምፒዩተር ዋጋ እጅግ ውድ ስለ ነበረ፥ አንዱን መሣሪያ ለብዙ ሠራተኞች ማካፈል ግድ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ ይኸው ጥበብ በተራው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራ ካደረገ ወዲህ ግን ነገሩ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ተስፋፋ።

እንግዳው «ዲስኬ ነው» ብሎ የሚጽፍበት ነገር በእውነቱ በአስተናጋጁ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ነው፤ ይህም የዲስክ ምስል ይባላል። ምስሉ ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው እንዳስፈላጊነቱ እያደገ እንዲሄድ ተደርጎ ነው። ስለዚህ ለእንግዳው 100 ጊጋባይት ተፈቅዶለት የጻፈው 10 ብቻ ቢሆን፥ ምስሉ በአስተናጋጁ ላይ የሚይዘው ስፍራ ወደ 10 ጊጋባይት የተጠጋ ነው። ዳሩ ግን እንግዳው 60 ጽፎ 50ውን ቢሰርዝ፥ ምስሉ በዚያው በ60 ይቀራል። ለማደግ ፈጣን የሆነው ፋይል ለማነስ ዳተኛ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። በእንግዳው ውስጥ አንድ ፋይል ሲሰረዝ የሚለወጠው የስፍራው መዝገብ ብቻ ነው። መዝገቡ ስፍራው ነጻ ሆነ ይላል፤ የተጻፈው ጽሑፍ ግን ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ባለበት ይቈያል። አስተናጋጁም የእንግዳውን መዝገብ አያነብም። እርሱ የሚያውቀው ስፍራው አንድ ጊዜ የተጻፈበት መሆኑን ብቻ ነው።

ከዚህ የሚመጣው ጉዳት ሁለት ነው። አንደኛው የስፍራ ጥበት ነው። አስተዳዳሪዎች እንግዶቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ አይሞሉም በማለት፥ ካላቸው ዲስክ የበለጠ ስፍራ መፍቀድ ልማዳቸው ነው። ለምሳሌ 200 ጊጋባይት ባለው ዲስክ ላይ ለሦስት ማሽኖች መቶ መቶ ይፈቀድላቸዋል እንበል። ሦስቱም እየጻፉና እየሰረዙ ሲቈዩ፥ በየመዝገባቸው የሚገኘው ሠላሳ ሠላሳ ጊጋባይት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ምስሎቻቸው ግን 65፥ 65 እና 70 ደርሰው አስተናጋጁን ይሞሉታል። በዚያን ጊዜ ምንም ያላጠፋው ማሽን እንኳ መጻፍ ተስኖት ከሌሎቹ ጋራ ሥራው ይቋረጣል። ባለቤቱም የእያንዳንዱን መዝገብ ቢመለከት ብዙ ባዶ ስፍራ ስለሚያይ፥ ችግሩ ከወዴት እንደ መጣ ለማወቅ ይቸገራል።

ሁለተኛውና የሚብሰው ጉዳት የምስጢር መውጣት ነው። ሲምሰን ጋርፊንክልና አቢ ሸላት የተባሉት የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች፥ በ2003 ዓ.ም. በታተመው ጥናታቸው፥ 158 ያገለገሉ ዲስኮችን ገዝተው መርምረው ነበር። ሊነበቡ ከቻሉት 129 ዲስኮች መካከል በሚገባ ተጠርገው የተገኙት 12 ብቻ ናቸው። ከሌሎቹም ውስጥ የግል ደብዳቤና የሕክምና ጽሑፍ፥ ከ5000 የሚበልጥም የክሬዲት ካርድ ቍጥር ተገኘ። ያ ምርመራ የተደረገው በእጅ በሚዳሰሱ ዲስኮች ላይ ነው፤ የዲስክ ምስል ግን ለመቅዳትና ወደ ሩቅ አገር ለመላክ ከዚያ እጅግ የቀለለ ነው። እንግዲህ የደመወዝ መዝገብ የነበረበትን ማሽን ፋይሉን ሰርዞ ብቻ ምስሉን ለሌላ የሚሰጥ ሰው፥ ሳያውቅ የባልንጀሮቹን ምስጢር አሳልፎ ይሰጣል።

መድኃኒቱ ሁለት ዐይነት ነው። የመጀመሪያው ጠረጋ ነው። አስቀድሞ የምስሉ ቅጂ በሌላ ስፍራ ይቀመጣል፤ ቀጥሎም በእንግዳው ውስጥ የማያስፈልገው ፋይል ይሰረዛል። ከዚያ በኋላ ባዶ የተባለው ስፍራ ሁሉ በዜሮ ይሞላል። በሊኑክስ ኤክስት በሚባለው የፋይል ሥርዐት ላይ ዜሮፍሪ የሚባል፥ በዊንዶውስም ኤስዲሊት የሚባል መሣሪያ ይህን ይፈጽማል። ዜሮፍሪ የሚሠራው ግን ዲስኩ ከመጻፍ ተከልክሎ ሳለ ነው። በመጨረሻ ማሽኑ ይዘጋና፥ በአስተናጋጁ በኩል ቨርቹዋል ቦክስን በመሰለው ፕሮግራም ትእዛዝ ምስሉ ይጨመቃል፤ ዜሮ ብቻ ያለበት ስፍራም ይለቀቃል።

በዚህ ሥራ ጥንቃቄ ያሻል። ባዶውን ስፍራ ሁሉ በጅምላ በዜሮ መሙላት ምስሉን ለጊዜው እስከ ተፈቀደለት መጠን ድረስ ሊያሳብጠው ይችላል፤ ስለዚህ አስተናጋጁ የጠበበ ከሆነ፥ ሊያድኑት ሲሉ ማስጨነቅ ይሆናል። ደግሞም የእንግዳው ዲስክ በውስጡ በምስጢር ቍልፍ የተመሰጠረ ከሆነ፥ ዜሮው ለአስተናጋጁ ዜሮ ሆኖ አይታየውም፤ ምስሉም አያንስም።

ሁለተኛው መድኃኒት መነጋገር ነው። እንግዳው አንድ ስፍራ በለቀቀ ጊዜ ትሪም በሚባለው ትእዛዝ ለአስተናጋጁ ያስታውቃል፤ አስተናጋጁም ስፍራውን ይረከባል። ለዚህ ግን አስተናጋጁ መልእክቱን እንዲቀበል አስቀድሞ መታዘዝ አለበት፤ ያለዚያ እንግዳው ቢናገር ሰሚ አያገኝም። ሁለቱ የሚነጋገሩ ከሆነ ምስሉ በየጊዜው ራሱን ያቀላል፤ የዓመት ቆሻሻም ባንድ ቀን አይጠረግም።

ሆኖም የትኛውም መድኃኒት ቢወሰድ፥ ቀደም ብሎ የተቀዳ ቅጂ በሌላ ስፍራ ካለ አሮጌው ጽሑፍ በዚያ ውስጥ እንዳለ መዘንጋት አይገባም። የራሱን መሣሪያ የሚጠብቅ ሰው ስፍራ ያተርፋል፤ የሰው ጽሑፍ በአደራ የተሰጠው ሰው ግን የሚጠብቀው ከስፍራ የሚበልጥ ነገር ነው። ስለዚህ ባለአደራ የሆነ ሁሉ ምስሉን ከእጁ ከማውጣቱ በፊት፥ መዝገቡን አይቶ ብቻ ሳይሆን ጎተራውንም ከፍቶ ይመልከት።